የገና ባቡር ገበያ፦ ገዢው የሚከፍለው ለሎኮሞቲቩ ነው ወይስ ለሐዲዱ?

በኖቬምበር ወር አራተኛው ሐሙስ የሚውለው የምስጋና በዓል እንዳለፈ በብዙ አሜሪካውያን ሳሎን ውስጥ ጥድ ይቆማል። ከጥዱ ሥር ነጭ ጨርቅ ይነጠፋል፤ በጨርቁ ላይ ትናንሽ ቤቶች ይደረደራሉ፤ በቤቶቹ ዙሪያ ደግሞ ሐዲድ ተዘርግቶ ባቡር መዞር ይጀምራል። ልማዱ በተለይ በፔንሲልቫኒያና በሜሪላንድ ግዛቶች ሥር የሰደደ ሲሆን፣ በባልቲሞር ከተማ ከጥድ ሥር የሚሠራው መንደር «የገና አትክልት ቦታ» የሚል ስም እስከ ማግኘት ደርሷል።

ለባለቤቶቹ ነገሩ የበዓል ጌጥና የልጆች ደስታ ነው። ለነጋዴ ዓይን ግን ጥሩ ትምህርት ያለበት ገበያ ነው። ዕቃው በዓመት ውስጥ ለስድስት ሳምንት ያህል ብቻ ይፈለጋል። ትዕዛዙ ከበዓሉ ብዙ ወራት አስቀድሞ ይሰጣል። ዋጋው ከፍ ያለ ነው፤ ገዢው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ዕቃው የሚያውቀው በሳጥኑ ላይ የተሳለውን ሥዕል ብቻ ነው። እንዲህ ባለ ገበያ ውስጥ ገንዘቡን የሚያጠፋውና ገንዘቡን የሚያተርፈው ሰው የሚለያዩት በአንድ ጥያቄ ነው፦ የሚገዛው ምንድን ነው?

(በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሱቅ መስኮት የወጣ ዕቃ

የአሜሪካ የመጫወቻ ባቡር ንግድ አነሳስ ራሱ ለነጋዴ የሚሆን ታሪክ ነው። ጆሹዋ ላየነል ኮወን የተባለ የኒውዮርክ ሰው በ1900 ላየነል የተባለውን ድርጅት አቋቋመ። በቀጣዩ ዓመት በኤሌክትሪክ የሚሄድ አንድ ክፍት ፉርጎ ሠርቶ ለአንድ ባለሱቅ አቀረበ። የፉርጎው ሥራ በሱቁ መስኮት ውስጥ ሌላ ሸቀጥ ጭኖ እየዞረ የመንገደኛውን ዓይን መሳብ ነበር። ይሁንና ደንበኞች ወደ ሱቁ ገብተው የጠየቁት በፉርጎው ላይ የተጫነውን ሸቀጥ ሳይሆን ፉርጎውን ራሱን ሆነ። ማስታወቂያው ሸቀጥ ሆነ ማለት ነው። ኮወን ገበያው የት እንዳለ ለማወቅ ሌላ ጥናት አላስፈለገውም።

በጥድ ሥር ያለው ባቡር ዛሬም የዚያው መስኮት ልጅ ነው። ሰው የሚገዛው ትዕይንቱን ነው። ችግር የሚመጣው ትዕይንቱ ለአንድ በዓል ብቻ ይሁን ወይስ ለብዙ ዓመት ይቆይ የሚለው ሳይወሰን ገንዘብ ሲወጣ ነው።

አንድ ሐዲድ፣ ብዙ ስኬል

በትላልቅ የመጫወቻ ባቡሮች ዘንድ ዋናው ቁጥር 45 ሚሊሜትር ነው። ይህ በሁለቱ የሐዲድ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት ሲሆን፣ «ጂ» በሚባለው መደብ ሥር የሚሸጡት ባቡሮች አብዛኞቹ በዚህ ሐዲድ ላይ ይሄዳሉ። ማርክሊን የተባለው የጀርመን ድርጅት በ1891 በላይፕሲግ የንግድ ትርኢት የመጫወቻ ሐዲዶችን ስፋት በቁጥር ደልድሎ ባቀረበ ጊዜ፣ «አንድ ቁጥር» የተባለው ዛሬ 45 ሚሊሜትር የሚባለው ነው።

ሐዲዱ አንድ ይሁን እንጂ በላዩ የሚሄዱት ባቡሮች ከእውነተኛው ባቡር የሚያንሱበት ልክ ማለትም ስኬላቸው አንድ አይደለም። ይህም የሚሆነው የዓለም እውነተኛ ሐዲዶች ስፋታቸው የተለያየ በመሆኑ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦

አንደኛ፣ የ1 ሜትር ስፋት ያለው ሐዲድ በ22.5 ሲካፈል 44.4 ሚሊሜትር ይሆናል። ስለዚህ የሜትር ሐዲድ ባቡሮች ሞዴል ስኬል 1 ለ22.5 ነው።

ሁለተኛ፣ በአሜሪካ ተራሮች የነበረው የ3 ጫማ ማለትም የ914 ሚሊሜትር ሐዲድ በ20.3 ሲካፈል 45 ይሆናል። የእነዚህ ስኬል 1 ለ20.3 ነው።

ሦስተኛ፣ በዓለም በብዛት ያለው የ1,435 ሚሊሜትር ሐዲድ በ32 ሲካፈል 44.8 ይመጣል። የዚህ ትክክለኛ ስኬል 1 ለ32 ነው።

አራተኛ፣ አንዳንድ የአሜሪካ አምራቾች ይህንኑ የ1,435 ሚሊሜትር ባቡር ከሌሎቹ ጎን ሲቆም ትንሽ እንዳይመስል በ1 ለ29 ሠርተውታል። ፉርጎው ሐዲዱ ከሚፈቅደው በ10 በመቶ ያህል ይተልቃል ማለት ነው።

የኢትዮጵያ አንባቢ ይህን በቅርብ ምሳሌ ሊያየው ይችላል። በ1917 አዲስ አበባ ለገሃር የደረሰው የጥንቱ የጅቡቲ ባቡር የሄደው በ1 ሜትር ሐዲድ ላይ ነበር። በ2016 የተመረቀው አዲሱ መስመር ደግሞ 1,435 ሚሊሜትር ነው። ሁለቱን በ45 ሚሊሜትር ሐዲድ ላይ በሞዴል ለማሳየት የሚፈልግ ሰው ቢኖር፣ የድሮውን በ1 ለ22.5፣ አዲሱን በ1 ለ32 ማሠራት ይኖርበታል። ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 የሆነ ተሳፋሪ በመጀመሪያው 7.6 ሴንቲሜትር፣ በሁለተኛው 5.3 ሴንቲሜትር ይሆናል።

ይህ ልዩነት በገንዘብ ሲመነዘር ትርጉም አለው። ሳጥኑ ላይ «ጂ» የሚል ፊደል ስላየ ብቻ ከአንዱ አምራች ሎኮሞቲቭ፣ ከሌላው ፉርጎ፣ ከሦስተኛው ደግሞ ቤትና የሰው ምስል የሚገዛ ሰው ሁሉም በሐዲዱ ላይ ቢሄዱለትም ባቡር ነጂው ከጣቢያው በር የሚረዝምበት መንደር ይዞ ሊቀር ይችላል። የመጀመሪያው ምክር እንግዲህ ይህ ነው፦ ከፊደሉ ይልቅ ቁጥሩ ይነበብ።

ድርጅት ይወድቃል፣ ሐዲድ ይቀራል

የዚህን ገበያ ዋና ትምህርት ለመረዳት የአንድ ድርጅትን ታሪክ መከተል ይበቃል። ሌማን በ1881 በብራንደንቡርግ የተቋቋመ የቆርቆሮ መጫወቻ ሠሪ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በምሥራቅ ጀርመን በኩል የቀረው ፋብሪካ ሲወረስ፣ ባለቤቶቹ በምዕራቡ ክፍል በኑረምበርግ ከተማ ሥራውን እንደገና ጀመሩ። በ1968 የሪሽተር ወንድማማቾች ኤል.ጂ.ቢ. የተባለውን ትልቅ ባቡር አወጡ። ስሙ «የሌማን ትልቅ ባቡር» የሚለው የጀርመንኛ ሐረግ ምሕፃረ ቃል ነው። በዚያን ጊዜ ሌሎች አምራቾች ባቡሮቻቸውን ወደ ማሳነስ አዘንብለው ነበር፤ ሌማን ግን በተቃራኒው አተለቀ። ዝናብና በረዶ የሚችል፣ ከቤት ውጭ በአትክልት ቦታ ሊዘረጋ የሚችል ባቡር ሠራ። ገበያውም ተቀበለው።

ይሁን እንጂ ጥሩ ዕቃ መሥራት ብቻውን ከኪሳራ አያድንም። ሌማን በ2006 መክፈል እንደማይችል ለፍርድ ቤት አመለከተ። በ2007 ስሙንና ምርቱን ማርክሊን ገዛ። ማርክሊን ራሱ ደግሞ በ1859 የተመሠረተ አንጋፋ ሆኖ ሳለ፣ 150ኛ ዓመቱን በሚያከብርበት በ2009 ፌብሩዋሪ ወር በተራው ለኪሳራ ማመልከቻ አስገባ። በ2013 ሲምባ ዲኪ የተባለው የጀርመን የመጫወቻ ድርጅቶች ቡድን ገዛው። ኤል.ጂ.ቢ. የሚለው ስም ግን ዛሬም በገበያ ላይ አለ።

አሜሪካም ከዚህ አላመለጠችም። ላየነል በንግድ ምስጢር ክርክር በተፎካካሪው ተረትቶ ከባድ ካሣ ስለተፈረደበት በ2004 የኪሳራ ጥበቃ ጠይቆ በ2008 ወጥቷል። በ1 ለ29 ስኬል የሚታወቀው አሪስቶ ክራፍት በ2013 መጨረሻ በሩን ዘግቷል። በ1833 በፊላደልፊያ የተቋቋመው ባክማን ደግሞ በ1987 ካደር በተባለ የሆንግኮንግ ድርጅት ተገዝቶ በቀጣዩ ዓመት በቻይና የተሠሩ ትላልቅ ባቡሮችን በዝቅተኛ ዋጋ ይዞ ብቅ አለ። ይህ ዓይነቱ ባቡር ወደ ተራው ቤተሰብ ሳሎን እንዲገባ ትልቅ ድርሻ ያበረከተው ይኸው ነው።

ከዚህ ሁሉ መውደቅና መነሳት ውስጥ አንድ ያልተናጋ ነገር አለ፤ እርሱም 45 ሚሊሜትር ነው። ሐዲዱ የማንም የግል ንብረት አይደለም። አሪስቶ ክራፍት ሲዘጋ በቤቱ የእርሱን ሎኮሞቲቭ የያዘ ሰው መለዋወጫ ማግኘት ቸግሮት ይሆናል፤ ሐዲዱን ግን አልጣለም። የሌላ አምራች ባቡር አስቀምጦበት ቀጠለ። በአንጻሩ ለአንድ ድርጅት ብቻ በሚገጥም ሐዲድ ላይ ገንዘቡን ያፈሰሰ ሰው ዕጣው ከድርጅቱ ዕጣ ጋር ታስሯል። ማሽን ከውጭ የሚያስመጣ፣ ኮምፒዩተር ለቢሮው የሚገዛ፣ ወይም ከአንድ አቅራቢ ጋር ብቻ ውል የሚያስር ነጋዴ ይህን ነገር በሌላ መልኩ ያውቀዋል።

ሦስት ዓይነት ሳጥን

ለበዓል የሚቀርቡት አዳዲስ የትላልቅ ባቡር ሳጥኖች በጥቅሉ በሦስት ይከፈላሉ።

የመጀመሪያው በባትሪ የሚሄደውና የፕላስቲክ ሐዲድ ያለው ነው። ዋጋው ዝቅተኛ ነው፤ ሕፃን ልጅ ራሱ ሊገጣጥመው ይችላል፤ በሐዲዱ ላይ ኤሌክትሪክ የለም። ጉድለቱ ብዙዎቹ ሐዲዶች ከ45 ሚሊሜትሩ የብረት ሐዲድ ጋር አለመግጠማቸው ነው። ስለዚህ በዚያው ሳጥን ውስጥ ተጀምሮ በዚያው ሳጥን ውስጥ ያልቃል።

ሁለተኛው ለጀማሪ ተብሎ የሚሸጠው የኤሌክትሪክ ባቡር ነው። በውስጡ አንድ ሎኮሞቲቭ፣ ሁለት ወይም ሦስት ፉርጎ፣ ክብ የሚሆን ጠማማ ሐዲድና ኃይል የሚሰጥ ትራንስፎርመር ይገኛል። ባክማን፣ ኤል.ጂ.ቢ. እና ፒኮ የተባለው ሌላው የጀርመን ድርጅት በዚህ መደብ ይሸጣሉ። እዚህ ላይ መታየት ያለበት የሐዲዱ ብረት ነው። የነሐስ ሐዲድ ዋጋው ከፍ ይላል፤ ነገር ግን ውጭ ቢዘረጋም አይዝግም፤ ከዓመት ዓመት ይቆያል። በርካሹ ሳጥን ውስጥ የሚመጣው የቆርቆሮ ብረት ሐዲድ ደግሞ ለሳሎን ይበቃል፤ እርጥበት ካገኘው ግን ይዝጋል።

ሦስተኛው ሎኮሞቲቭና ፉርጎ ለየብቻ የሚሸጡበት፣ ድምፅና የዲጂታል መቆጣጠሪያ ያለበት ከፍተኛ መደብ ነው። ለጀማሪ ትልቁ ወጥመድ የሚገኘው እዚህ ነው። ትልቅ ሎኮሞቲቭ ጠባብ ኩርባ አይዞርም። በኤል.ጂ.ቢ. አሠራር ትንሹ ኩርባ 600 ሚሊሜትር ሬድየስ አለው። 12 ጠማማ ሐዲድ ክቡን ይሞላዋል፤ የክቡ ወርድ 1.2 ሜትር፣ ዙሪያው 3.77 ሜትር ያህል ይሆናል። ይህ ከጥድ ሥር በደንብ ይቀመጣል። ረጃጅሞቹ ሎኮሞቲቮች ግን የዚህን እጥፍ፣ ማለትም 2.4 ሜትር ያህል ወርድ ያለው ክብ ይጠይቃሉ። በአንድ ተራ ሳሎን ውስጥ ይህ ሲዘረጋ ሶፋው ከቤት መውጣት አለበት። ስለዚህ ገዢው ወደ ሱቅ ከመሄዱ በፊት ሜትር ይዞ ወለሉን ይለካ። በሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ትንሹን የሚፈቀድ ሬድየስ ሳያነብም ገንዘብ አያውጣ።

ሂሳቡ ምን ይላል?

«ርካሽ ነገር ውድ ነው» የሚለው አባባል ሁልጊዜ ትክክል አይደለም። በቁጥር ሊፈተን ይገባዋል። የሚከተለው ለማስተማሪያ ያህል የተወሰደ ግምታዊ ምሳሌ ነው።

አንድ አባወራ በባትሪ የሚሄደውን በ120 ዶላር ገዛ እንበል። ባቡሩ ሦስት ገና ቢያገለግል ለአንድ በዓል 40 ዶላር ይደርሰዋል። በየዓመቱ ለባትሪ 15 ዶላር ቢያወጣ ጠቅላላው 55 ዶላር ይሆናል። ሌላው አባወራ ደግሞ የነሐስ ሐዲድ ያለውን በ450 ዶላር ገዛ። ከብዙ ዓመት በኋላ ሐዲዱንና ፉርጎውን በ100 ዶላር ሊሸጠው ቢችል የተጣራ ወጪው 350 ዶላር ነው። 350 ለ55 ሲካፈል 6.4 ይመጣል። ይህ ማለት ውዱ ባቡር ከርካሹ የሚሻለው ከሰባተኛው ገና ጀምሮ ነው።

ውሳኔው እንግዲህ በዋጋው ላይ ብቻ የተመሠረተ አይደለም። የሦስት ዓመት ልጅ ያለው፣ ዕቃ ማስቀመጫ ያለው፣ በየዓመቱ ጥድ የሚያቆም ቤተሰብ ሰባት ገና ማለፉ አይቀርም። በኪራይ አፓርታማ የሚኖር፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ከተማ ሊለውጥ የሚችል፣ ወይም ልጁ 11 ዓመት የሞላው ሰው ግን ርካሹን ቢገዛ ተሞኘ ሊባል አይገባውም። ያለ ሂሳብ ውዱን የገዛ ሰው ያለ ሂሳብ ርካሹን ከገዛው አይሻልም።

መደርደሪያው ለምን ባዶ ይሆናል?

በየዓመቱ ዲሴምበር አጋማሽ ላይ የተወሰነ ባቡር ፈልገው የሚያጡ ሰዎች ብዙ ናቸው። ሌላው ዕቃ ደግሞ በጃንዋሪ በቅናሽ ተከምሮ ይገኛል። ይህ የነጋዴው ስንፍና አይደለም። የገበያው ጠባይ ነው።

የጀርመን አምራቾች የዓመቱን አዲስ ምርት የሚያስተዋውቁት በዓመቱ መጀመሪያ በኑረምበርግ የመጫወቻ ትርኢት ወቅት ነው። ባለሱቆች ትዕዛዝ ያስገባሉ፤ ብዙ ሞዴሎችም በአንድ ዙር ተመርተው ያበቃሉ። ያለቀው ዕቃ ለዚያ ገና እንደገና አይመጣም። ባለሱቁ የሚወስነው ታዲያ ገና አሥር ወር ያህል ሲቀረው ነው።

ውሳኔው እንዴት እንደሚሠራ አሁንም በግምታዊ ቁጥር ማየት ይቻላል። ባለሱቁ አንዱን ሳጥን በ200 ዶላር ገዝቶ በ300 ይሸጣል፤ ሳይሸጥ ከቀረ ከበዓሉ በኋላ በ150 ያራግፈዋል እንበል። ቢሸጥ 100 ያተርፋል፤ ባይሸጥ 50 ይከስራል። እንግዲህ አንድ ተጨማሪ ሳጥን ማዘዝ የሚያዋጣው የመሸጥ ዕድሉ ከሦስት አንድ እጅ ማለትም ከ33 በመቶ በላይ እስከሆነ ድረስ ነው። በዚህ ሂሳብ ባለሱቁ በልበ ሙሉነት ያዝዛል፤ የሚተርፈውም በጃንዋሪ በቅናሽ ይሸጣል።

አሁን ቀረጥ ይጨመር። መግዣው 240 ሆነ፤ ባለሱቁ ደንበኛ እንዳይሸሸው መሸጫውን ወደ 310 ብቻ ከፍ አደረገ፤ የማራገፊያው ዋጋ እዚያው 150 ነው። ትርፉ ወደ 70 ወረደ፤ ኪሳራው ወደ 90 ወጣ። ተጨማሪ ሳጥን ለማዘዝ የመሸጥ ዕድሉ ከ56 በመቶ በላይ መሆን አለበት። ባለሱቁ ትዕዛዙን ይቀንሳል። ቀረጥ ዋጋን እንደሚያስወድድ ሁሉም ያውቃል፤ መደርደሪያን ባዶ እንደሚያደርግ ግን ብዙ ሰው አያስተውልም።

ይህ የወረቀት ላይ ጨዋታ ብቻ አይደለም። አሜሪካ በ2025 ኤፕሪል ወር በቻይና ዕቃዎች ላይ የጣለችው ተጨማሪ ቀረጥ እስከ 145 በመቶ ደርሶ ነበር፤ በሜይ ወር ወደ 30 በመቶ ዝቅ ተደረገ፤ ከዚያም በኋላ ተለዋውጧል። ከፋብሪካ በ100 ዶላር የሚወጣ መጫወቻ በአንዱ ወር 145፣ በቀጣዩ ወር 30 ዶላር ቀረጥ የሚጠየቅበት ገበያ ተፈጠረ። ለገና የሚሆነው ዕቃ የሚታዘዘውና የሚጫነው ደግሞ በእነዚያው የፀደይና የበጋ ወራት ነው። አስመጪ ምን ያህል ያዝዝ ብሎ የሚጨነቀው በዋጋው መጠን ብቻ አይደለም፤ ዋጋው ነገ ምን እንደሚሆን አለማወቁ ጭምር ነው።

ለገዢው የሚተርፈው ምክር አጭር ነው። አንድ የተለየ ሞዴል የሚፈልግ በዓመቱ መጀመሪያ ወይም አጋማሽ ላይ ያስመዝግብ። የትኛውም የጀማሪ ሳጥን የሚበቃው ግን መቻኮል የለበትም።

የ13 ቀን ዕድል

የጀማሪ ሳጥን ዋነኛ የመሸጫ ቀን ዲሴምበር 25 ሲያልፍ አብሮ ያልፋል። በማግስቱ ባለሱቁ የቀረውን ለማራገፍ ይቸኩላል፤ ለአንድ ዓመት በመጋዘን ማቆየት ገንዘብን ማሰር ነውና። በዋሽንግተንና በአካባቢው እንዲሁም በሌሎች የአሜሪካ ከተሞች የሚኖሩ፣ ገናን በጃንዋሪ 7 የሚያከብሩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች በዚህ ረገድ ከጎረቤቶቻቸው የተለየ ዕድል አላቸው። በሁለቱ በዓላት መካከል 13 ቀን አለ። ጎረቤቱ በሙሉ ዋጋ የገዛውን ባቡር እነርሱ በቅናሽ ገዝተው ለራሳቸው ገና ማድረስ ይችላሉ። አደጋው የፈለጉት ሞዴል አልቆ ሊጠብቃቸው መቻሉ ነው። ለመምረጥ የሚፈልግ አስቀድሞ ይገዛል፤ ለመቆጠብ የሚፈልግ ይጠብቃል። ሁለቱን በአንድ ላይ ማግኘት አይቻልም።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ይታከል። ባቡሩን ለወንድም ወይም ለእህት ልጅ ብሎ ወደ አዲስ አበባ የሚያመጣ ሰው ትራንስፎርመሩን ገልብጦ ያንብብ። በአሜሪካ የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ ለ120 ቮልት የተሠራ ነው። የኢትዮጵያ መስመር 220 ቮልት ነው። በመግቢያው ላይ «ከ100 እስከ 240» የሚል ካልተጻፈ በስተቀር በቀጥታ ከተሰካ ይቃጠላል፤ ስጦታውም በደቂቃ ውስጥ ጭስ ይሆናል። በ220 ቮልት የሚሠራ ተመጣጣኝ ትራንስፎርመር ማግኘት አለበት፤ ሎኮሞቲቩ የሚቀበለው ዝቅተኛ ቮልት ስለሆነ ችግሩ ያለው ግድግዳው ላይ ብቻ ነው።

ሳጥኑ ሲከፈት

አዲስ ዕቃ ከአሮጌ የሚሻልበት ዋና ምክንያት ዋስትናው ነው። ዋስትና ግን ሳይፈተሽ ለሚቀመጥ ዕቃ አይሠራም። በኖቬምበር ገዝቶ፣ በስጦታ ወረቀት ጠቅልሎ፣ በገና ጠዋት በልጆች ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰካ ሰው ብዙ ነው። ባቡሩ ካልሄደ ያን ዕለት ሱቅ ዝግ ነው፤ የመመለሻው ጊዜም አልፎ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ባቡሩ በተገዛ በዚያው ሳምንት ልጆች ከተኙ በኋላ ተዘርግቶ ግማሽ ሰዓት ወደ ፊት፣ ግማሽ ሰዓት ወደ ኋላ ይሂድ። ድምፁ ይደመጥ፤ መብራቱ ይታይ፤ ከዚያ ተመልሶ ይጠቅለል።

ሐዲዱ በቀጥታ በምንጣፍ ላይ ባይዘረጋ ይመረጣል። የምንጣፍ ክርና የሰው ፀጉር በአክሱሉ ላይ ተጠምጥሞ የማርሹን ጥርስ ያንቃል። ቀጭን ጣውላ ወይም ወፍራም ጨርቅ ከሥር ይበቃል። ከጥዱ ላይ የሚንጠለጠለው የሚያብረቀርቅ የብረት ክር በሐዲዱ ላይ ከወደቀ ሁለቱን ብረቶች አገናኝቶ ሾርት ያደርጋል። ጥዱ ውኃ የሚጠጣ እውነተኛ ጥድ ከሆነም ውኃው ወደ ሐዲዱ እንዳይፈስ ጥንቃቄ ያሻል። ከቤት ሲወጡና ሲተኙ ትራንስፎርመሩ ከግድግዳ ይነቀል። በዓሉ ሲያልቅ ደግሞ ሁሉም ነገር በመጣበት ሳጥን ይመለስ፤ ነገ ለመሸጥ ቢታሰብ ባለሳጥኑ ባቡር ያለሳጥን ከቀረው የተሻለ ዋጋ ያወጣል።

ሀብት ነው ወይስ ወጪ?

በመጨረሻ፣ ሻጮች «ቁጥሩ የተወሰነ»፣ «ለአንድ ጊዜ ብቻ የተሠራ» እያሉ የሚያቀርቡት ባቡር ገንዘብ የሚቀመጥበት ሀብት ነው ወይ የሚለው ይነሳል። መልሱ በኢኮኖሚክስ መጀመሪያ ትምህርት ውስጥ ያለ ነው። ዋጋ የሚወጣው ዕቃው ጥቂት በመሆኑ ብቻ አይደለም፤ ጥቂቱን ዕቃ የሚሻ ብዙ ሰው ሲኖር ነው። አምራቹ አቅርቦቱን መወሰን ይችላል፤ ከ20 ዓመት በኋላ የሚመጣውን ፈላጊ ግን መወሰን አይችልም። በዚያ ላይ ያው ሞዴል በሌላ ቀለም እንደገና እንዳይመረት የሚከለክል ነገር የለም። በመደርደሪያ ላይ ተከማችቶ የተቀመጠ ባቡር ወለድ አይከፍልም፤ የትርፍ ድርሻም አያመጣም፤ ቦታ ግን ይይዛል።

ስለዚህ ባቡሩ በወጪ ዓምድ ሥር ይመዝገብ። ወጪ ማለት ግን ብክነት ማለት አይደለም። ለሠርግ፣ ለጥምቀት፣ ለእንግዳ የሚወጣ ገንዘብም ወጪ ነው። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባል የለ? ጌታው የማይቆጣው ግን ጨዋታው ጨዋታ መሆኑን አውቆ የገባበት እንደሆነ ነው። ወለሉን የለካ፣ ስኬሉን ያነበበ፣ የማንም ያልሆነውን ሐዲድ የመረጠ ሰው የሠራው ድርጅት በኪሳራ ቢዘጋ እንኳ በሚቀጥለው ዓመት ጥዱ ሲቆም ባቡሩ ይዞርለታል።